ሞጆ ያልደረሰው ሃምሳ አለቃ

እናቴ አሰለፈች ባሏ ሞተ ተብሎ ከል ለብሳ አታውቅም። ባሏ ጥሏት ሄደ ተብሎም ሌላ አላገባችም። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ በሁለቱ መሀል ኖረች። የሰፈር ሴቶች በየጊዜው ብቅ እያሉ «ኧረ አሰለፈች፣ ተዝካሩን አውጪለትና ይውጣልሽ» ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«መርዶ ያረዳኝ ሰው አለ? ማን መጥቶ ነው ሞተ ያለኝ?»

መርዶ ይዞ የመጣ ሰው በእርግጥም አልነበረም። የመጣው ወረቀት ነው። በሰኔ 1968 ዓ.ም. የተጻፈ ሲሆን፣ «የጠረፍ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ሃምሳ አለቃ ማስረሻ ኃይለየሱስ ከግዳጅ ቦታው የኮበለለ በመሆኑ ከመዝገብ ተሰርዟል» ይላል። ከዚያ በታች ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው ያለው። እኔ ያኔ የአራት ወር ሕፃን ነበርኩ።

የኮበለለ ሰው ወዴት ይሄዳል? ሰፈራችን መልሱን ለማግኘት አልተቸገረም። መጀመሪያ ሞያሌ ሌላ ሚስት አለችው ተባለ። ቀጥሎ ድንበር ተሻግሮ ኬንያ ገባ ተባለ። እኔ ፊደል ስቆጥር ናይሮቢ ውስጥ ሆቴል ከፍቷል፤ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ሆቴሉ ፎቅ ሆኗል። ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን ኩሽና ጣሪያ ሳያድሱ ለአባቴ ፎቅ ሠሩለት። እኔም አምኜ አደግሁ፤ ተናድጄም አደግሁ። ልጆች «አባትሽ የታለ?» ሲሉኝ «ሰውየው ሆቴሉን እየጠበቀ ነው» እል ነበር፤ ከዚያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

እንቁ እባላለሁ። አዳማ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ መኪኖች ተራቸውን ጠብቀው እንዲወጡ ማድረግ ነው፤ በሌላ አነጋገር ከሹፌርና ከረዳት ጋር ስጨቃጨቅ መዋል ነው። ድምፄ የጎረነነውም፣ ጠባዬ የከረረውም እዚያ ነው። አንድ ሰው ሳይ ከስሙ በፊት የምጠይቀው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ባል ሊሆነኝ የመጣውንም ሰው መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱኑ ነው ብለው ይስቁብኛል፤ ውሸት አይደለም።

በ2016 ጥቅምት ላይ እማዬ የሳንባ ምች ያዛትና ክፉኛ አጣደፋት። ከተሻላት በኋላ አንድ ጠዋት ደጅ ተቀምጣ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ወደ ሥራ ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«እንቁ፣ አንቺ መኪና ታውቂያለሽ። ሹፌር ሁሉ ያውቅሻል። ያ ሰው የት እንደወረደ ማወቅ እንዴት ያቅትሻል?»

«እማዬ፣ የት እንደተሳፈረስ መች አወቅሁና?»

«መሞቱን አልፈራም» አለችኝ። «ሰባ አራት ዓመት መቼም አነሰኝ አልልም። የምፈራው ሳላውቅ መሞትን ነው። ጥሎን ሄዶ ከሆነ ሄደ በሉኝና እርሜን ላውጣ። ወደ እኛ ሲመጣ መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነ ግን፣ ይህን ሁሉ ዘመን የረገምኩት በከንቱ ነው። ይቅርታውን ሳልጠይቀው ምን ብዬ ፊቱ እቆማለሁ?»

እናቴ እንዲህ ረጅም ነገር ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። የዚያን ቀን መናኸሪያ ገብቼ አንድም ሰው ላይ ሳልጮህ ዋልኩ፤ ረዳቶቹ ታማለች ብለው ሎሚ ገዝተው አመጡልኝ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ የወጡ ሹፌሮችን አንድ በአንድ መጠየቅ ያዝኩ። በስድሳዎቹ የሞያሌን መስመር የሠራ ማን አለ? የጠረፍ ፖሊሶችን የሚያውቅ ማን አለ? ግማሾቹ ሞተዋል። ከተረፉት ደግሞ አንዱ የሚያስታውሰውን ሌላው ያፈርሰዋል። በመጨረሻ በየሳምንቱ ሻይ ሊጠጡ መናኸሪያ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ሹፌር «ዝዋይ ውስጥ አንድ የድሮ የጠረፍ ፖሊስ አለ። ራህመቶ ይባላል። ፓፓያ ተክሎ ሐይቁ ዳር ይኖራል» አሉኝ። ከተማዋ ባቱ ከተባለች ቆየች፤ ለሽማግሌዎቹ ግን አሁንም ዝዋይ ናት፣ ለእናቴም አዳማ ናዝሬት ናት።

በማግስቱ ሄድኩ። ጋሼ ራህመቶ ሰማንያን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። ከፓፓያው ጥላ ሥር ተቀምጠው የዓሣ መረብ ይጠግኑ ነበር። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። መርፌያቸውን መረቡ ላይ ሰክተው ቀና አሉና ፊቴን አዩ።

«እንቁ? የተወለድሽ ጊዜ ደብዳቤው ሲመጣ እዚያው ነበርኩ» አሉ። «ማስረሻ ደብዳቤውን ለሁላችንም አንድ በአንድ አነበበልን። ለእኔ ሦስት ጊዜ። አማርኛ ለማያውቁት የቦረና ሽማግሌዎች እንኳ እየተረጎመ አነበበላቸው። እነሱም መርቀው ፍየል ሰጡት።»

ይህን ሰው ሆቴል ከፍቶ ነበር የማውቀው።

ጋሼ ራህመቶ አባቴን ያኔ ሰጡኝ። የምንጃር ገበሬ ልጅ ነው። በሬ መጥመድ አልወድም ብሎ ከአባቱ ተጣልቶ በሃያ ዓመቱ ፖሊስ ተቀጠረ፤ የጠረፍ ሥራ ሙሉ ቀን ከከብት ኋላ መሄድ መሆኑን ያወቀው ሜጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ሜጋ፣ ሞያሌ፣ እንደገና ሜጋ፣ በመጨረሻም ሞያሌ። ሌላ ፖሊስ ሌባ ያሳድዳል፤ እሱ በጉድጓድ ውኃ የተጣሉ ሰዎችን ግራር ሥር አስቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ኦሮምኛውን አቀላጥፎ ይናገራል፤ ግን ብዙ አይናገርም፤ የተጣሉት መናገር እስኪደክማቸው ዝም ብሎ ይሰማል። ከዚያ «ጨረሳችሁ?» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጨርሰው ይገኛሉ።

«ጠመንጃውን አቀባብሎ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉኝ ጋሼ ራህመቶ እየሳቁ። «ሽፍታ መስሎት ነው። ጅብ ነበር። እሱንም ሳተው።»

የጓደኞቹን ልብስ ሁሉ የሚሰፋው እሱ ነው። ከግዳጅ ሲመለሱ በዚያ ሙቀት ማንም ሱሪ አይለብስም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሽርጥ አገልድሞ ነው የሚውለው። ከጓደኞቹ ብዙዎቹ እስላሞች ስለነበሩ አነጋገራቸው አፉ ላይ ቀርቷል። ውኃ ጠጥቶ ሲጨርስ «አልሐምዱሊላህ» ይል ነበር። «ማስረሻ፣ ልትሰልም ነው እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱበት፣ «አፌ ለምዶ ነው። ደግሞስ ምስጋና ማንን ያስከፋል?» ይላቸዋል። ጾሙን ግን አንድ ቀን አፍርሶ አያውቅም።

«ታዲያ ወዴት ሄደ?» አልኳቸው። ትዕግሥቴ እዚያ ላይ አለቀ።

ጋሼ ራህመቶ መረቡን ወደ ጎን አደረጉ። ከዚያ እንደ ፖሊስ ተናገሩ፤ ያዩትን ካላዩት ለይተው። የፋሲካ ሰሞን አባቴ ልጄን ልይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። አለቃቸው ወረቀት ሳይጽፍ በቃሉ ሂድ አለው። አባቴ ያን ጊዜ ወባ ይዞታል፤ አንገቱ ላይም እባጭ ወጥቶ የጣቢያው ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ማተቡን ቆርጦ ነው ያሸገለት። ጋሼ ራህመቶ ራሳቸው በዚያው ሳምንት ወደ ሌላ ጣቢያ ተላኩ። ሲመለሱ አባቴ የለም፤ አለቃውም በጊዜው ግርግር ተይዞ ሄዷል። አዲሱ አለቃ መዝገቡን ቢያገላብጥ ፈቃድ የሚል አጣና ኮበለለ ብሎ ጻፈ።

«ለፋሲካ ቤቴ እሄዳለሁ ብሏል፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አሉ። «ሲሳፈር ግን አላየሁም። ያላየሁትን አልምልልሽም ልጄ።»

«አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዴት አንድ ቃል አይነግሩንም?» አልኩ። ድምፄ የመናኸሪያው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«በስድሳ ዘጠኝ ተማርኬ አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት ቆየሁ» አሉ፤ ቁጣዬን አልተቀየሙትም። «ስወጣ ናዝሬት ወርጄ ጠይቄያለሁ። ማስረሻን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።»

አፈርኩ። እውነታቸውን ነው። በሰፈራችን ማስረሻ ብሎ በስሙ የሚያውቀው የለም፤ የአሰለፈች ባል ነው። ቤታችን የአሰለፈች ቤት ነው። እሱ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ አሥራ አምስት ቀን ሰንብቶ የሚሄድ እንግዳ ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያውቃት እሷን ነው።

ልሄድ ስነሳ ጋሼ ራህመቶ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። አባቴ የሚወደው አንድ ሹፌር ነበር፤ ጃዕፈር ይባላል፣ የወሎ ሰው፣ ቤቱ አርሲ ነገሌ። በኤንትሬ የጭነት መኪናው ከሞያሌና ከያቤሎ ጥሬ ቆዳ እየጫነ ሞጆ ያራግፋል። «ማስረሻ ወደ ናዝሬት ሄዶ ከሆነ የሄደው በጃዕፈር መኪና ነው። ጃዕፈር እኔ ከእስር ሳልወጣ ሞቷል። እህቱ ሀኒያ ግን እህል ገበያው አጠገብ አለች ሲሉ በቅርቡ ሰምቻለሁ።»

ይህን ሁሉ ለእማዬ ስነግራት የደብዳቤው ጊዜ ፈገግ አለች፤ ጅቡ ጋ ስደርስ ደግሞ «እሱ መቼ ምን መትቶ ያውቃል» አለች። ብቻዬን ሄጄ ልጠይቅ ብላት እምቢ አለች። እኔ በበኩሌ ነገሩን እስከ መጨረሻው አስቤበት ነበር፤ መቃብር ከተገኘ አጽሙን ለማዛወር እንዲቻል ከደብራችን ደብዳቤ አጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቅዳሜ ማለዳ ከሚወጣው ሚኒባስ ጋቢናውን ለእማዬ አስለቀቅሁ። ሥልጣኔን ያለአግባብ መጠቀሜ ነው፤ በዚያ ቀን ግን አልጸጸትም። ጋሼ ራህመቶን ባቱ ላይ ጫንናቸውና ረፋድ ላይ አርሲ ነገሌ ገባን።

እማማ ሀኒያ ቤት ለመድረስ አልተቸገርንም። የቅዳሜ ገበያ ነበርና ስንዴ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውታል። አንዷን የእህል ነጋዴ ጠየቅናት፤ በአገጯ አሳየችን። እማማ ሀኒያ የእማዬ እኩያ ናቸው፤ ወፍራም፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ በከዘራ የሚራመዱ። ጋሼ ራህመቶ ሰላምታውን በወጉ አደረሱና ማንነታችንን ተናገሩ። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ ጨመርኩ። «በ1968 ወንድምዎ ጃዕፈር ያመጣው አንድ የጠረፍ ፖሊስ ነበር? ማስረሻ የሚባል? ይቺ ሚስቱ ናት።»

እማማ ሀኒያ በሩን ያዙ። እማዬን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሱ» አሉ። ልጃቸውን አብዱልሃኪምን፣ ጎልማሳ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ወደ ጓሮ ጠርተው አንሾካሾኩለት፤ እሱም ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጥቶ ሄደ።

ሽሮና ዳቦ ቀረበ። «ሥጋ አልነካውም፣ አትሥጉ» አሉን። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። «እማማ ሀኒያ፣ ከአዳማ ድረስ ለምሳ አልመጣንም። የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩን!» አልኩ። እማዬ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደምትቆነጥጠኝ አድርጋ።

«ዝም ብለሽ ብይ» አለችኝ ቀስ ብላ።

እሷ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም ነበር፤ እዚያ ግን ቀስ እያለች፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እያላመጠች በላች። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጎረቤት ገባች። ቀጥላ ሌላ። ነጠላ የለበሱም አሉ፣ ሻሽ የጠመጠሙም አሉ፤ ገብተው በግድግዳው ጥግ ጥግ ይቀመጣሉ፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ሰላም ይላሉ፣ ከዚያ ዝም። ከበር ውጭ ወንዶቹ ተሰብስበው ቆሙ። ገበያቸውን ጥለው የመጡ ነጋዴዎችም ነበሩባቸው።

ያኔ ነው የገባኝ። እማዬ ግን ገና «እህል ቅመሱ» ሲሏት ገብቷታል። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሰው እህል ቀምሶ፣ የሚደግፈው ሰው ተሰብስቦ። ለዚህ ነበር እህላቸውን በአክብሮት የበላችላቸው።

እማዬ ጣቶቿን ታጠበች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለበሰች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣

«በሉ እንግዲህ» አለች።

እማማ ሀኒያ ተነሥተው ፊቷ ቆሙ። «እህቴ አሰለፈች፣ አላህ ያጽናሽ። ባልሽ ሃምሳ አለቃ ማስረሻ አርፏል። እዚህ ቤት፣ እኔ እጅ ላይ ነው ያረፈው። ቀብረነዋል። አርባ ስምንት ዓመት ጠበቅንሽ» አሉ።

እናቴ ጮኸች። ያን ድምፅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም። «ወይኔ ማስረሻዬ! ወይኔ አንተ ዝምተኛው!» እያለች ደረቷን መታች፤ ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት አለቀሱ፣ ግራና ቀኝ ይዘዋት። አይተውት የማያውቁትን ሰው እንደ ትናንት ሟች አለቀሱለት። እኔም አለቀስኩ። በቁጭት ነበር ያለቀስኩት፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሆቴል ቤት ሳስቀምጠው የኖርኩት ሰው እዚህ፣ መኪና በየቀኑ በምልክበት መንገድ ዳር ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል እማዬ ፊቷን ጠርጋ፣ «ንገሪኝ» አለቻቸው። «ከየት ሲመጣ ነው? ወዴት ሲሄድ?»

«ከሞያሌ ነዋ እህቴ። ወደ ናዝሬት ሲሄድ» አሉ እማማ ሀኒያ፤ ጥያቄው ራሱ እንዳስገረማቸው ሁሉ።

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች።

እማማ ሀኒያ አጠገቧ ተቀምጠው ተረኩልን። ጃዕፈር ጠዋት በር ላይ መኪናውን አቁሞ በሽተኛ አስረከባቸው። የጫነው ቆዳ ሊበላሽበት ስለሆነ ይቸኩላል። «ጓደኛዬ ነው፤ ሞጆ አራግፌ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ፣ ተንከባከቢልኝ» ብሎ ነዳ። የአባቴ ልብስና ወረቀት ያለበት ሻንጣ መኪናው ላይ ቀረ። ሰውየው ትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል፤ ሽርጥ ታጥቋል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቧል። ስሙን ቢጠይቁት ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የሚለው አልገባቸውም። ጥርት ብሎ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«‹ሞጆ ደረስን?› ይለኛል። ‹ገና ነው ወንድሜ› እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ‹ሞጆ ደረስን?› እንዲያው ስንት ጊዜ! ከቀትር በኋላ ሲደክም አየሁትና አንጀቴ አልቻለም። ‹አዎ፣ ደርሰናል› አልኩት። ወላሂ፣ ፊቱ በራ። ውኃ ለመነኝ፣ ጠጣ። ‹አልሐምዱሊላህ፣ ከዚህማ ቅርብ ነው› አለ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ አልተናገረም።»

ከሞጆ አዳማ ሃያ ደቂቃ ነው። ይህን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ሟቹ ሽርጥ ታጥቋል፣ አንገቱ ላይ ማተብ የለም፣ የመጨረሻ ቃሉ አልሐምዱሊላህ ነው። የሰፈሩ ሰው ምን ይበል? ወንዶቹ በወጉ አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩት። ሐሙስ ቀን ጃዕፈር ሲመለስ ራሱን ያዘ። «ፈጃችሁኝ! ሰውየው እኮ ክርስቲያን ነው! ዲላ ላይ ሻይ በወተት ቢያቀርቡለት ጾም ነው ብሎ መልሷል!» ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የተቀበረ አይወጣም፣ ቤተሰቡ እስኪመጣ አማና፣ አደራ ነው ብለው ወሰኑ። ጃዕፈር ሻንጣውን ለአንድ የፖሊስ ጣቢያ ሰጠ፤ በዚያ ግርግር ዘመን ያስታወሰው የለም። እስኪሞት ድረስም ናዝሬት በሄደ ቁጥር የፖሊስ ማስረሻን ቤት ይጠይቅ ነበር።

«በየዓመቱ የእናንተ ፋሲካ ሲቃረብ ጧፍ እገዛና ለእናትነሽ እሰጣታለሁ» አሉ እማማ ሀኒያ፣ ከግድግዳው ጥግ ወደተቀመጠችው አንዲት ባለ ነጠላ አሮጊት እያመለከቱ። «እሷ ቤተ ክርስቲያን ታበራለታለች። ግን ምን ይሆናል? ያለ ፍትሐት ነው የቀበርነው። የሰው አደራ አበላሸን። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ልቤን ሲበላኝ ኖሯል። ዐፉ በይኝ እህቴ፣ ይቅር በይኝ።»

እማዬ ቀና አለች። «የሞተው ምን ቀን ነው ያልሽኝ?»

«ማክሰኞ።»

«ከፋሲካ በፊት ያለችው ማክሰኞ?»

«አዎን፣ ሕማማት ነበር» አለች እናትነሽ ከጥጓ። «ከስግደት ስመለስ ነው ሲቀበር ያየሁት። እኔም ሽርጡን አይቼ እስላም ነው ብዬ አለፍኩ።»

እማዬ የእማማ ሀኒያን ሁለት እጆች ያዘች። «እንግዲያማ ምን አጠፋሽና! በሕማማት እኛ ራሳችን ብንቀብረውም ፍትሐት የለውም። በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱን ቀድማ በሆሣዕና እሁድ ትደርሳለች። የዚያን እሁድ ይቺን ሕፃን አዝዬ ናዝሬት ቆሜ ነበር። ፍትሐቱ ሲደረስ እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰምቻለሁ።» የያዘቻቸውን እጆች ጠበቅ አደረገች። «ለባሌ መሆኑን አላወቅሁም እንጂ፣ ቆሜለታለሁ። አብሽሪ እህቴ፣ ምንም አላበላሽሽም።»

አብሽሪን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ወሎዬዎቹ ሲሉ ሰምታ ይሆናል። እማማ ሀኒያ ግንባራቸውን እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው አነቡ። አሁን አጽናኟ እማዬ ሆነች።

ከሰዓት በኋላ አብዱልሃኪም ወደ መቃብሩ ወሰደን። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቋል ያጠረው ቦታ ነው። የአባቴ መቃብር ዙሪያው በድንጋይ ተከቧል፤ ሣሩ ታጭዷል፣ አንድም እሾህ አይታይበትም። አብዱልሃኪም ልጅ ሆኖ ከአጎቱ ጋር፣ ከዚያ ብቻውን፣ አሁን ደግሞ ከልጆቹ ጋር እንደሚያጸዳው ነገረን። «የእንግዳው» ነው የሚሉት። እማዬ ድንጋዮቹ ላይ እጇን እየጫነች አንድ ጊዜ ዞረች። ከዚያ ተቀምጣ ለብቻዋ ብዙ ነገር አወራችው። ይቅርታ እየጠየቀችው እንደሆነ አውቄ ራቅ አልኩ።

ስመለስ ቦርሳዬን ከፍቼ የደብሩን ደብዳቤ አወጣሁ። አጽሙን ለማውጣት ምን እንደሚያስፈልግ፣ የማን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ለአብዱልሃኪም ማስረዳት ጀመርኩ። እሱም ከፋው ሳይል «መብታችሁ ነው እህቴ፣ ሽማግሌዎቹን እኔው አነጋግራለሁ» አለኝ።

እማዬ ከመቃብሩ አጠገብ ሳትነሳ ጠራችው።

«ልጄ፣ እናንተ ሰው ስትቀብሩ ፊቱን ወዴት ነው የምታደርጉት?»

«በቀኝ ጎኑ እናስተኛዋለን እማማ። ፊቱ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነው።»

«መካ በየት በኩል ነው?»

አብዱልሃኪም እጁን ዘርግቶ ወደ ሰሜን አመለከተ። ከቁልቋሉ ማዶ አስፋልቱ ይታያል፤ መኪኖች እየተከታተሉ ወደዚያው ይነጉዳሉ። ላንጋኖ፣ ዝዋይ፣ መቂ፣ ሞጆ። መስመሩን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

እማዬ ጣቱን ተከትላ አየች።

«በዚያ በኩልማ ያለነው እኛ ነን» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ደብዳቤውን ያየችው ያኔ ነው።

«መልሰሽ ክተቺው» አለችኝ። «ተዉት፤ አታዙሩብኝ።»